ስልኬ ካርታዬን እያየብኝ ነው

በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ በዚህ ርዕስ የተከፈተ የውይይት ክር አለ። ክሩን የከፈቱት አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። እኔም ሩቅ አይደለሁም፤ ቤቴ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ለዚህ ይሆናል ርዕሱን ሳየው ማለፍ ያቃተኝ። ከሦስት ሳምንት በላይ ተከታተልኩት። መልሶቹ 32 ደርሰዋል። አንዱ ተሰርዟል። አንዱ ደግሞ የእኔ ነው፤ ስህተት ነበረበት፤ ስደርስበት እናገራለሁ።

የመነሻው ጽሑፍ ረጅም ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር። እኚህ ሰው ለዓመታት በብሎካቸው ኮሙናል በረንዳ ላይ ኮንከር ሲጫወቱ ኖረዋል። አራት ሰው፣ ሁለት ፓኬት ካርታ፣ በማንኛውም ካርታ ቦታ የሚገባ አራት ጆከር። በእነሱ ሰፈር ደንብ ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይታደላል። ከክምሩ ወይም ከበላይ የተቀመጠው (ቀድሞ የሚጫወተው) ሰው ከጣለው አንድ ያነሳሉ፣ አንድ ይጥላሉ። ካርታውን በተከታታይ ወይም በተመሳሳይ ቁጥር ቀድሞ የገጠመ ይዘጋል። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። ካርታውን የገዙት እሳቸው ናቸው። አርጅቷል፣ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ ግን ያጫውታል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እሳቸውን የሚችል የለም። ይህን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፣ ያለ ምንም ትሕትና።

ክረምቱ ሲከብድና ጭቃው ሲበዛ ሰዉ መሰብሰቡን ተወ። ያኔ የእህታቸው ልጅ ስልካቸው ላይ ኮንከር ጫነችላቸው። ሦስቱ ተጋጣሚዎች ሰዎች አይደሉም፤ የሚጫወተው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አበሳቸውን አዩ። 7 እና 9 ይዘው 8 ሲጠብቁ አይመጣም። ጆከር ለሌላው እንጂ ለእሳቸው አይወጣም። ከበላያቸው የተቀመጠው ማሽን የሚፈልጉትን ካርታ ጨርሶ አይጥልም። ስለዚህ ስልኩ ካርታቸውን ያያል ብለው ደመደሙ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር። ይህ የደረሰበት ሌላ ሰው አለ ወይ? እንዳያይ ማድረግስ ይቻላል?

1ኛው መልስ ሰጪ ትሑት ነው። ጋሼ ብሎ ጀምሮ፣ ጤና ተመኝቶላቸው፣ በእሱም ላይ ያው እንደደረሰና ጨዋታውን ከስልኩ አጥፍቶ እንደተገላገለ ነገራቸው። 2ኛው ቀልደኛ ነው። የስልኩን ካሜራ በፕላስተር እንዲሸፍኑ መከራቸው። ብዙ ሰው ሳቀለት። በኋላ እንደታየው ግን አዛውንቱ ነገሩን የምር ወስደውታል።

3ኛው መጥቶ አየሩን አበላሸው። በሰፈሩ ጠረጴዛ ንጉሥ የሆነ ሁሉ ከሰፈር ወጣ ሲል የሚገጥመው ይኸው ነው ባይ ነው። የተሸነፈ ሰው የሚከሰው ሁልጊዜ አዳዩን እንደሆነ፣ ስልክ ደግሞ እንደ ሻይ ጓደኛ አዝኖ የሚለቅለት እንደሌለ ጨመረበት። ነገሩ ውስጥ እውነት ነበረው። ግን ሲያናግራቸው አንተ እያለ ነው። 4ኛዋ ወዲያው ተነሳችበት። አባቱ ቢሆኑ እንዲህ ይላቸው እንደሆነ ጠየቀችው፣ እናቱ ምን ብላ እንዳሳደገችው ጠየቀችው፣ ከዚያም ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘችው። ስለ ካርታ አንዲት ቃል አልጻፈችም። በጠቅላላው ክር ውስጥ ብዙ ድጋፍ ያገኘው መልስ ግን የእሷ ነው።

ክሩን ክር ያደረገው 5ኛው ነው። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ እንደሆነ ይናገራል፣ አጻጻፉም ያስመሰክርለታል። እንዲህ አስረዳ። ጠረጴዛ ላይ የሚያድለውም የሚጫወተውም ሰው የየራሱ ዓይን አለው። ስልክ ውስጥ ግን አዳዩም ተጫዋቾቹም የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። 108ቱም ካርታዎች የት የት እንዳሉ ስልኩ ያውቃል፤ ካላወቀ እንዴት ያድላል? ዋናው ነገር የሚጫወተው ክፍል ዞር ብሎ ያንን ዝርዝር እንዲያይ ተፈቅዶለታል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። እዚህ ላይ ያልጠበቅኩትን ነገር አመነ። የሚሰርቅ ፕሮግራም መጻፍ በደንብ የሚጫወት ፕሮግራም ከመጻፍ በጣም ይቀላል። ድካም የሚጠላ ጸሐፊ የሌላውን እጅ ያሳየዋል፤ ማሽኑም ጎበዝ ይመስላል። ስለዚህ የጋሼ ጥርጣሬ የሚሳቅበት አይደለም አለ። ለማን እንደተናገረ ግልጽ ነው።

እሱ ግን በማስረዳት አልቆመም። አንድ ደብተር እንዲገዙ ነገራቸው። መቶ ጨዋታ ይጫወቱ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ነገር ይመዝግቡ። መጀመሪያ ሲታደላቸው ስንት ጆከር ደረሳቸው? ይህ አዳዩ ሐቀኛ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ሲዘጉ የዘጉበት ካርታ ከክምሩ የመጣ ነው ወይስ ማሽኑ የጣለው? የዚህኛው ብልሃት ደስ ይላል። የሚያይ ማሽን እርስዎ የሚዘጉበትን ካርታ መቼም አይጥልም። በመቶ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ ከጣለ አያይም ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። ካርታውን ሳይከፍቱ ሌባውን መያዝ ይሏል ይህ ነው።

6ኛው ሒሳቡን አመጣ። ከ108 ካርታ አራቱ ጆከር ናቸው። 13 የሚደርሰው ሰው በአንድ እደላ በአማካይ ግማሽ ጆከር እንኳ አይሞላለትም፤ 0.48 ነው። በመቶ እደላ ወደ 48 ጆከር ይደርሰዋል። 7ኛው 40 ቢሆን ሌብነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው በ8ኛው ቁጥር ተመልሶ መለሰለት። ዕድል እንደ ሚዛን ድንጋይ ልክ ሆኖ አይመጣም፤ ከ35 እስከ 61 ባለው መካከል የወጣ ቁጥር አያስጠረጥርም፤ 20 ከሆነ ግን ስልኩን ይክሰሱ። 7ኛው አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ ተመስግኖ ያለቀ ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ 9ኛው ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ታሪክ ይዞ ገባ። በ2017 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱኦማስ ሳንድሆልም እና ኖአም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ የሚባል ፕሮግራም ከአራት የፖከር ባለሙያዎች ጋር 20 ቀን ተጫውቷል። 120,000 እጅ፣ ማለትም እደላ። አራቱንም አሸነፈ። የማንንም ካርታ አላየም። ከዚያ በፊት ከራሱ ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ ነበር የተማረው። ባለሙያዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበው ድክመቱን ይፈልጋሉ፤ እሱም ሌሊቱን ያገኙበትን ቀዳዳ ሲደፍን ያድራል። የ9ኛው መልእክት ማሽን ለማሸነፍ መስረቅ አያስፈልገውም ነው።

10ኛው ተናደደ። ይህ ሁሉ ጉድ በ2017 ሲሆን አንድም የእኛ ሚዲያ እንዴት አልዘገበውም አለ። እሱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ዜና ሲከታተል እንደነበርና ምንም እንዳልሰማ ምሎ ጻፈ። ጋዜጠኞቹን አንድ በአንድ ወረደባቸው። 11ኛው 2017ቱ የፈረንጆቹ እንደሆነ፣ በእኛ ጥር 2009 መሆኑን ሁለት መስመር በማይሞላ ጽሑፍ ነገረው። 10ኛው ከዚያ በኋላ አልታየም። የኮቴቤ ልጅ ነኝ የሚለው 12ኛው ደግሞ 9ኛውን መለሰው። ሊብራተስ የሠራው በሱፐር ኮምፒውተር ነው። የጋሼ ስልክ ላይ ያለውን ኮንከር ምናልባት አንድ ወጣት በእረፍት ቀኑ የጻፈው ነው። የዚያን ጉብዝና ለዚህ ማውረስ አይቻልም ብሏል። ትክክል ነው።

13ኛው እኔ ነኝ። ስለ መበወዝ ጻፍኩ። ዴቭ ባየር እና ፐርሲ ዲያኮኒስ የሚባሉ የሒሳብ ሰዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት አለ። 52 ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ፣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ባንዱ ውስጥ እያስገቡ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ ያስፈልጋል። በእኛ ጠረጴዛ ሰባት ጊዜ የሚበውዝ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁለቴ ይነካካና ወሬው ይቀጥላል፤ ያውም 108 ካርታ ይዞ። ስለዚህ ካለፈው ጨዋታ የተገጠሙት ካርታዎች እንደተጣበቁ ይቀራሉ፤ ሰውም የተዘጋጀ እጅ ይደርሰዋል፤ ስልኩ ግን በሐቅ ስለሚበውዝ ስስታም ይመስላል አልኩ። በጽሑፌ ረክቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ 14ኛው አፍርሶት አገኘሁ። ካርታ የሚታደለው አንድ አንድ እየተደረገ ነው አለ። ሦስት ሰባቶች ተጣብቀው ቢቀሩ ለሦስት ሰው ይከፋፈላሉ እንጂ ለአንድ ሰው አይደርሱም። እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በመጥፎ የተበወዘ ካርታ ገጣጣሚዎቹን ይበትናል። ጸሐፊው ካርታ ይዞ የማያውቅ ሰው ይመስላል የምትል ቃልም ጣል አድርጎብኛል። አልመለስኩም። 15ኛው በእነሱ ሰፈር፣ ካራ አካባቢ፣ የሚታደለው ሦስት ሦስት እየተደረገ መሆኑን ጻፈ። እንግዲያው ለካራ ሰው ትክክል ነበርኩ። ይህንንም አልጻፍኩም፣ ግን አስቤዋለሁ።

16ኛው አጭር ነበር፤ ያኔ ማንም ልብ አላለውም። በአሮጌ ካርታ የሚጫወት ሰው ጀርባውን ያነባል አለ። ጥጉ የተበላው አስ፣ ሻይ የፈሰሰበት 5፣ የታጠፈው ጃክ። አምስት ዓመት አብሮህ የኖረ ካርታ ፊቱን ቢያዞርም ታውቀዋለህ። ስልክ ላይ ያሉት ካርታዎች ጀርባቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የጠረጴዛ ጀግና ስልክ ላይ ግማሽ ዓይኑን ያጣል።

17ኛው የለም። ተሰርዟል። ከ18ኛው እንደሚገባኝ ስለ ቁማርና ስለ ሃይማኖት ነበር፤ የከተማ ዳር ሰዎች ሥራ ፈት ስለሆኑ ነው ካርታ ላይ የሚውሉት የሚል ነገርም ነበረበት። 18ኛው በንዴት ጽፏል። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ሥራ ለመግባት ሌሊት ተነስቶ ሰልፍ የሚቆመው ማን እንደሆነ ጠየቀ። መሀል ከተማ ተኝቶ የሚነሳው ሰው ምን አባቱ ያውቃል አለ። ስድብም አለበት፣ እሱም መሰረዝ ነበረበት። አልተሰረዘም። ምናልባት አስተዳዳሪውም ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ነው።

19ኛዋ ነገሩን አበረደችው። በእነሱ ግቢ ኮንከር የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። ቅዳሜ ቡና ከተጠጣ በኋላ ረከቦቱ ገለል ይልና ካርታው ይወጣል። የተሸነፈች የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቡና ታፈላለች። ወንዶቹ አንድ ቀን እናያችኋለን ብለው ገብተው አራት ሳምንት ተከታታይ ቡና አፍልተዋል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያረረ ነበር። ስለ ስልኩ የምትለው ነገር እንደሌላትም ጨምራ ጻፈች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። 20ኛው ገበጣን አነሳ። ካርታ የተደበቀ ነገር ስላለበት ነው ይህ ሁሉ ጥርጣሬ፤ ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ማሽንን መጠርጠር አይቻልም አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆን ሮሜይን እና ሄንሪ ባል፣ የገበጣ ዘመድ የሆነውን የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ በኮምፒውተር እስከ መጨረሻው ፈትተውታል። ከ889 ቢሊዮን በላይ የጠጠር አቀማመጦችን አሰሉ። ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ውጤቱ እኩል ለእኩል ነው። 21ኛው አዋሪ ገበጣ አይደለም ብሎ ተቆጣ። የእኛው ገበጣ ራሱ አንድ አይደለም፤ አገር በተሻገርክ ቁጥር ደንቡ ይለያል፤ የቱን ነው ማሽኑ የፈታው? 20ኛው ዘመድ ነው ያልኩት እንጂ ያው ነው አላልኩም ሲል መለሰ፤ ይህንንም በዚያው በመልሱ ውስጥ አርሞ ስለጻፈው ቁጥር አልያዘም።

22ኛው ይበልጥ ወጣ። ያባቶቻችንን ሰንጠረዥ ያስታውሳል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደ ልባቸው፣ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ራሱን ያስተካክላል። እስቲ ይህን ከኮምፒውተር ጋር ተጫወቱ አለ። አንተ ፈረስህን እስክታነሳ እሱ ሠራዊቱን አሰልፎ፣ አፍርሶ፣ እንደገና አሰልፎ ይጠብቅሃል። ከካርታ ጋር ምንም አያገናኘውም። ግን በዚህ ክር ውስጥ ለብቻዬ ሆኜ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው።

በ23ኛው አዛውንቱ ብቅ አሉ። ደብተሩ ተገዝቷል። 63ኛው ጨዋታ ላይ ደርሰዋል። በቀን አምስት ይጫወታሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይናቸውን ያማቸዋል። መብራት ጠፍቶ ስልኩ የሞተባቸው ቀን ጨዋታው ተቋርጧል፤ ያንን አልቆጠሩትም። መዝጋቢዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው ራሳቸው ቢመዘግቡ ያዳላሉ ብላ እምቢ አለቻቸው። ፕላስተሩን ከለጠፉ ወዲህ ምንም ለውጥ እንዳላዩም ጠቅሰዋል። የዚህን ጊዜ ነው 2ኛው ደንግጦ ቀልድ እንደነበር በ24ኛው ያስረዳው። መልስ አላገኘም።

5ኛው በ25ኛው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ውጤቱ እስኪመጣ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ፖከር የሚያጫውት ፕሮግራም ነበር። የሚበውዘው ከኮምፒውተሩ ሰዓት በሚነሳ ቁጥር ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስንት ሺኛ ሰከንድ አለፈ በሚል። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400,000 ሺኛ ሰከንዶች አሉ። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 52 ካርታ ሊደረደር የሚችልበት መንገድ ብዛቱ 68 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ ውቅያኖስ ፕሮግራሙ የሚቀዳው በአንዲት ጣሳ ነበር። ተመራማሪዎች ሰዓታቸውን ከማሽኑ ሰዓት ጋር አስተካክለው፣ የራሳቸውን ሁለት ካርታና ጠረጴዛው ላይ የተገለጡትን ሦስት አይተው የሁሉንም እጅ ማወቅ ችለዋል። እዚያ ሌባው ማሽኑ አልነበረም። ማሽኑ የሚሰረቅ ሆኖ ነበር የተሠራው። ስለዚህ ጥርጣሬ ጥሩ ነው፣ ጋሼ ይቀጥሉበት ብሎ ዘጋ።

ውጤቱ በ26ኛው መጣ። መቶ ጨዋታ፣ በእደላ የደረሱ ጆከሮች 45። ንጹሕ ነው። አዛውንቱ የዘጉት 19 ጊዜ ነው። ከ19ኙ ሰባቱን የዘጉት ከበላያቸው ያለው ማሽን በጣለላቸው ካርታ ነው። የሚያይ ማሽን ሰባት ጊዜ እጁን ዘርግቶ ሻይ አይጋብዝም። ውጤቱን የጻፉት በሦስት መስመር ነው፤ ምንም አላብራሩም። የመነሻውን ጽሑፍ ርዝመት ላስታወሰ ሰው ዝምታቸው ይሰማል።

27ኛው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። አዳዩ ሐቀኛ ከሆነ፣ ተጫዋቾቹም ካላዩ፣ ለአራት ሰው እኩል ዕድል 25 ነው። ስድስቱ የት ሄደ? የ6ኛው የጆከር ሒሳብ ለዚህ አይሠራም ወይ አለ። ይሠራል፤ 19 ከ25 ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ዕድል ብቻም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መልሱን የሰጠችው ሌላ ሰው ናት፤ መልሱም ዕድል አልነበረም።

28ኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት። አጎቴ እንዳይቀየሙኝ ብላ ጀመረች። መቶውንም ጨዋታ አጠገባቸው ተቀምጣ አይታለች። ከሌሎቹ ሁሉ የረዘመው የእሷ መልስ ነው፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ምርጡም እሱ ነው።

ያየችው እንዲህ ነው። አጎቷ የተጣለ ካርታ ቶሎ ያነሳሉ። ገና በሁለተኛው ዙር 6 ጥቁር አነሱ እንበል። ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ያኔ አንዱ ስለ ታክሲ ዋጋ ያወራል፣ ሌላው ስልክ ያነሳል፤ ማንም አያስታውስም። ማሽኑ ግን አይረሳም። ከዚያ በኋላ ከበላያቸው ያለው 5 ጥቁርም 7 ጥቁርም አይጥልላቸውም። ይህ ማየት አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ነግረውታል። ሁለተኛው ነገር፣ መሀሉ የጎደለ መጠበቅ ይወዳሉ። ምልክታቸው አንድ የሆነ 7 እና 9 ይዞ 8 የሚጠብቅ ሰው ሁለት ካርታ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ በሁለት ፓኬት ውስጥ የዚያ ምልክት 8 ሁለት ብቻ ነው። 7 እና 8 የያዘ ግን 6ም 9ም ይሆነዋል፤ አራት ካርታ። አራቱ ጆከር ገና ካልታዩና ያልታየው ካርታ 80 ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሰው ከ80 ስድስት፣ ሁለተኛው ከ80 ስምንት ዕድል አለው። በአንድ ስበት ልዩነቱ ኢምንት ነው። በመቶ ጨዋታ ሻይ ያስከፍላል። ሦስተኛው፣ አጎቷ ማሽኖቹ የጣሉትን ካርታ ልብ ብለው አያዩም። ሁለቱም 8 ተጥለው አልቀው ሳለ 8 የሚጠብቁበትን ጨዋታ ሦስት ጊዜ ቆጥራለች። ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፤ ግን ፈተናው ይበላሻል ብላ ምላሷን ነክሳ ዝም አለች።

29ኛው ይህች ልጅ ታግባኝ አለ። አስተዳዳሪው ለምን እንዳልሰረዘው አላውቅም። 30ኛው ያው 3ኛው ሰው ነው። ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር አለ፤ ግን በዚህኛው አንቱ ነው የሚላቸው። ያ ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ። 4ኛዋ ድጋፍ ሰጠችው።

ክሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ 31ኛው መጣ። ከዚያው ብሎክ፣ ከዚያው ጠረጴዛ ነኝ ይላል። ዝናቡ ቆሟል፣ ጨዋታው ወደ በረንዳው ተመልሷል። አዛውንቱ ግን ሌላ ሰው ሆነው መጥተዋል። አያወሩም። የተጣለውን ሁሉ ዓይናቸውን ተክለው ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከተመለሱ ወዲህ አንድም ቀን ሻይ አልከፈሉም። ሰዉ መሮት አዲስ ደንብ አወጣ፤ እሳቸው ሲጫወቱ ወሬ ማውራት ግዴታቸው ነው። ካልተናገሩ ተራቸው ያልፋል።

ዋናውን ነገር ያመጣው ከዚያ ነው። ክሩን ካነበበ በኋላ አንድ ማታ ካርታውን ቤቱ ወስዶ ቆጠረው። ልክ 108 ነው። ግን ጆከሩ አምስት ነው፤ 8 ቁጥር ደግሞ በስምንት ፋንታ ሰባት ብቻ። ያኔ ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ንፋስ አንዱን 8 ወስዶ ቦይ ውስጥ ከቶት ነበር። በቦታው ከሌላ ፓኬት ጆከር አምጥተው የተኩት ራሳቸው አዛውንቱ ናቸው። ሰዉ ሁሉ ረስቶት ነበር። ያ ጆከር ጀርባው ከሌሎቹ ትንሽ ጠየም ይላል። በማን እጅ እንዳለ፣ ከክምሩም የበላይ ሆኖ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ለሚያውቀው ሰው ይታያል። 31ኛው ማንንም አልከሰሰም። 16ኛውን መልስ ተመልሰው እንዲያነቡ ብቻ ሰውን ሁሉ ጋበዘ፤ ጋሼንም በትሕትና አንድ ነገር ጠየቃቸው። ይህኛውን ጆከር ደብተሩ ላይ መዝግበውት ይሆን?

32ኛው የአዛውንቱ ነው። ሁሉንም አመሰገኑ። ቅዳሜ መርካቶ ሲሄዱ ሁለት አዲስ ፓኬት ገዝተው እንደሚመጡ ጻፉ። ስለ ጆከሩ ምንም አላሉም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ እስካሁን የመለሰላቸው የለም። ካሜራው ላይ የቀረው የፕላስተር ሙጫ በምን ይለቃል?